እንቁላል ፍሪዝ ያደረጋችሁ እህቶች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምን ልጠብቅ?

ማለዳ፦

ሰላም ናችሁ እህቶች። 33 አመቴ ነው፣ ትዳር የለኝም፣ በቅርብ ሚመጣ ነገርም አይታየኝም፣ ልጅ ግን እፈልጋለሁ፣ እሱን ተጠራጥሬ አላውቅም። እንቁላሌን ፍሪዝ ላስደርግ ወይስ ልተወው እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩና በመጨረሻ ሄጄ ደም ሰጥቼ ኤኤምኤች ሚባለውን፣ የቀረ እንቁላል ብዛት ሚገመትበትን ምርመራ አሰራሁ፣ ለእድሜሽ ትንሽ ዝቅ ይላል አሉኝ፣ ከዛ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ዶክተሩ ጥሩ ሰው ነው ግን ሁሉንም ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገረኝና ቤት ስደርስ ግማሹ ጠፍቶብኛል፣ የሰጠኝ ወረቀት ላይ ያለው ደሞ የመድሀኒት ስም ብቻ ነው።

እኔ መስማት ምፈልገው ካለፋችሁበት ሰዎች ነው። መርፌውን ራስሽ ነሽ ምትወጊው አሉኝ፣ እውነት ይቻላል? ሲያወጡት ያማል ወይ? ስራ እየገባሁ ማድረግ እችላለሁ? ሌላው አንድ ዘመዴ እንዲህ በአንዴ ብዙ እንቁላል ካወጡብሽ ያለሽን ያሟጥጡብሻል፣ ቶሎ ነው ምታርጪው አለችኝ፣ ቃሏ ከልቤ አልወጣ ብሏል። ከሁሉም በላይ ደሞ ይሄን ሁሉ አድርጌ በኋላ ልጅ ማግኘቴ ምን ያህል እርግጥ ነው? ሳትሸፋፍኑ ቁርጡን ንገሩኝ፣ አይዞሽ ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ በናታችሁ።


ሶስና_ቲ፦

ማለዳዬ እንኳን ጠየቅሽ። እኔ ያስደረግኩት በ35 አመቴ ነው፣ ያየሁትን በሙሉ እነግርሻለሁ ትንሽ ይረዝማል።

ብዙ እንቁላል በአንዴ እንዲያድግ ከሚሰጠው መርፌ ልጀምር ምክንያቱም ሁላችንም መጀመሪያ ምንፈራው እሱን ነው። መርፌው በጣም ቀጭን ነው፣ ሚወጋውም ከቆዳ ስር እንጂ ጡንቻ ላይ አደለም። ከእምብርትሽ ሁለት ሶስት ጣት ያህል ወደ ጎን ራቅ ብለሽ ቆዳሽን ቆንጠጥ አድርገሽ ይዘሽ ታስገቢዋለሽ፣ ነገ ደሞ በሌላኛው ጎን፣ እያቀያየርሽ። ጎናል ኤፍ ሚባለው መድሀኒት በፔን ነው ሚመጣው፣ ቂጡን አዙረሽ የታዘዘልሽን መጠን ትሞይና በቃ። ሜኖፑር ካዘዙልሽ እሱ ዱቄት ነው፣ ፈሳሹን ስበሽ ዱቄቱ ላይ ትጨምሪና ብልቃጡን ሳትንጪ በጣቶችሽ መሀል ቀስ ብለሽ ታሽከረክሪዋለሽ ጥርት እስኪል፣ ከዛ መልሰሽ ትስቢና አየሩን አስወጥተሽ ጫፉ ላይ ጠብታ ብቅ ስትል ትወጊያለሽ። ይሄኛው ሲገባ ያቃጥላል፣ ዝግ ብለሽ ግፊው። የመጀመሪያውን ማታ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እህቴ የስልኳን መብራት ይዛ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነው የወጋሁት፣ ከዛ በኋላ ግን ለምዶኝ ብቻዬን ነበር። ክሊኒኩ መጀመሪያ ያሳዩሻል፣ ሲያሳዩሽ በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጪ፣ ማታ ሲጨንቅሽ መልሰሽ ታዪዋለሽ።

ጊዜውን በተመለከተ ብዙ ጊዜ ፔሬድሽ በመጣ በሁለተኛው ወይ በሶስተኛው ቀን ይጀመራል፣ መርፌው ከ8 እስከ 14 ቀን ሊሄድ ይችላል፣ አብዛኛው ሰው ግን 10 እና 12 ቀን መሀል ያልቃል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰአት። መሀል ላይ ሌላ መርፌ ይጨመራል፣ ሴትሮታይድ ምናምን ሚሉት፣ እሱ እንቁላሎቹ ጊዜያቸው ሳይደርስ በራሳቸው እንዳይወጡ ሚይዝ ነው። በየሁለት ሶስት ቀኑ ጠዋት እየሄድሽ አልትራሳውንድ ትታያለሽ ደም ትሰጫለሽ፣ ፎሊክሎቹን፣ እንቁላሎቹ ሚያድጉባቸውን ትንንሽ ከረጢቶች ማለት ነው፣ እየለኩ መድሀኒቱን ይጨምራሉ ወይ ይቀንሳሉ። ስራ እየገባሁ ነው የጨረስኩት ግን አለቃሽ ጠዋት ጠዋት ምታረፍጂበትን ምክንያት ባያውቅ እንኳ የህክምና ቀጠሮ እንዳለሽ ይወቅ፣ ቀጠሮው ቀድሞ አይታወቅም፣ ዛሬ ታይተሽ ከነገ ወዲያ ነይ ነው ሚሉሽ።

መጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ሆድሽ ይነፋል፣ ሱሪ አይቆለፍልሽም፣ ስትቀመጪ ከታች ሚከብድ ነገር ይሰማሻል፣ ጡትሽ ያማል፣ በትንሹም በትልቁም ሆድ ይብስሻል። ኦቫሪሽ፣ እንቁላሎቹ ያሉበት ማለት ነው፣ ስላበጠ መሮጥ፣ መዝለል፣ ከባድ ነገር ማንሳት አቁሚ፣ ሊጠማዘዝ ይችላል፣ እሱ ደሞ ድንገተኛ ኦፕራሲዮን ነው ሚያስከትለው። ግንኙነትም በዛ ሰሞን ይከለክላሉ።

አሁን እዚች ላይ ልብ በይ። ፎሊክሎቹ ሲደርሱ የመጨረሻ መርፌ አለ፣ ትሪገር ይሉታል፣ እንቁላሉን ሚያበስለው እሱ ነው። ይሄ መርፌ በተባለው ሰአት ነው ሚወጋው፣ ማታ 4 ሰአት ከ30 ካሉሽ 4 ሰአት ከ30 ነው፣ ምክንያቱም እንቁላሉን ሚያወጡት ልክ ይሄ መርፌ ከተወጋ በኋላ ከ34 እስከ 36 ሰአት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ ቀጠሮው በሱ ነው ሚቆረጠው። ከቀደመ ወይ ከዘገየ እንቁላሉ ወይ አይደርስም ወይ ወጥቶ ይጠፋል። ሁለት አላርም ሙዪ፣ አንድ ሰው ደሞ እንዲደውልልሽ አድርጊ። በሆነ ምክንያት ሰአቱ ካለፈብሽ ዝም አትበይ፣ የወጋሽበትን ትክክለኛ ሰአት ደውለሽ ንገሪያቸው ቀጠሮውን ሊያንቀሳቅሱት ይችላሉ።

ማውጣቱ ራሱ 20 ደቂቃ ነገር ነው፣ በማደንዘዣ ተኝተሽ ነው፣ በአልትራሳውንድ እያዩ በብልት በኩል ቀጭን መርፌ አስገብተው ከየፎሊክሉ ፈሳሹን ይስቡታል፣ ቀዶ ጥገና የለውም ስፌት የለውም። ከሌሊቱ ጀምሮ ምግብም ውሀም የለም፣ ሽቶና የጥፍር ቀለም አትቀቢ ይሉሻል፣ ሚወስድሽ ሰው የግድ ያስፈልጋል መኪና መንዳት አይቻልም። ስነቃ ነርሷ በትንሽ ወረቀት ቁጥር ጽፋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ 14 ይላል። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ከሰአት በኋላ ግን ደውለው የበሰሉት 11 ናቸው፣ ፍሪዝ የተደረጉት እነሱ ናቸው አሉኝ። ይሄ ሁለተኛው ስልክ እንዳለ ማንም አልነገረኝም ነበርና ወሽመጤ ቁርጥ አለ፣ አንቺ ግን ከአሁኑ እወቂው፣ ከወጡት ሁሉ የተወሰኑት ሁሌም ይቀንሳሉ።

ከዛ በኋላ ለጥቂት ቀን እንደ ፔሬድ ቁርጠት አለ፣ ትንሽ ደም ይታያል፣ ሆድ ድርቀት ደሞ ክፉኛ ነው፣ ፔሬድሽ ራሱ በአንድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣል። እኔን ከህመሙ ይልቅ የከበደኝ ሆርሞኑ ሲወርድ የመጣው ድብርት ነው፣ ሁሉ ነገር አልቆ ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ሲለኝ እኔ ያለቀስኩበት ሳምንት ነበር። ያልፋል ግን ብቻሽን አትሁኚ።


ላብራቶሪ_ነኝ፦

የስነ ተዋልዶ ላብራቶሪ ውስጥ ነው ምሰራው፣ ሶስና የጻፈችው በጣም ጥሩ ነው፣ እኔ ያልተነኩትን ልጨምር።

መጀመሪያ የዘመድሽን ነገር። ያሟጥጡብሻል ሚባለው እውነት አደለም። ሴት ልጅ ስትወለድ ኦቫሪዋ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን ሚደርስ እንቁላል ይዛ ነው፣ ለአቅመ ሄዋን ስትደርስ ወደ 300 ወይ 400 ሺህ ይወርዳል፣ በእድሜ ዘመኗ ሙሉ ግን በወር አበባ ዑደት ሚወጡት 400 ወይ 500 ቢሆኑ ነው። የቀረው የት ሄደ? በየወሩ ብዙ ፎሊክሎች አብረው ይነሳሉ፣ ሰውነት ሚያመነጨው ማሳደጊያ ሆርሞን ለአንዷ ብቻ ሚበቃ ስለሆነ እሷ ታድጋለች ሌሎቹ እዛው ይሞታሉ። መርፌው ሚያደርገው በዛ ወር ሊሞቱ የነበሩትን ማትረፍ ነው፣ የሚመጣውን ወርም ሆነ የሚመጣውን አመት ድርሻ አይነካም። ማረጥን አያፈጥንም።

ኤኤምኤች ዝቅ አለ ስላሉሽም ብዙ አትደንግጪ። ምርመራው ሚናገረው ለመርፌው ስንት እንቁላል ልትሰጪ እንደምትችዪ ነው፣ ስለ ጥራታቸው አይናገርም፣ በተፈጥሮ መንገድ ማርገዝ ትችያለሽ አትችዪም ሚለውንም አይናገርም። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን እየወሰድሽ ከነበረ ደሞ ቁጥሩን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፣ ለዶክተሩ ነግረሽዋል? ከኤኤምኤች ጋር አብሮ መታየት ያለበት በአልትራሳውንድ ሚቆጠረው የትንንሽ ፎሊክሎች ብዛት ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አይተው ነው መጠኑን ሚወስኑት። ዝቅ ያለ ኤኤምኤች ማለት ምናልባት አንድ ዙር አይበቃሽም ማለት ነው፣ እሱን ከወዲሁ በልብሽም በኪስሽም አስቢበት።

አሁን ወደ ቁርጡ። የሰው እንቁላል ከሰውነት ሴሎች ሁሉ ትልቁ ነው፣ ውስጡ ውሀ ይበዛበታል፣ ድሮ ቀስ እያሉ ሲያቀዘቅዙት ውሀው ወደ በረዶ ክሪስታል እየተለወጠ እንቁላሉን ከውስጥ ይቆራርጠው ነበር። ከቀዘቀዘ እንቁላል የመጀመሪያው ልጅ መወለዱ የተዘገበው በ1986 ቢሆንም ለረጅም አመታት ውጤቱ ደካማ የነበረው ለዛ ነው። አሁን ምንጠቀምበት ቪትሪፊኬሽን ሚባለው ነው፣ ውሀውን በተወሰነ ደረጃ አስወጥተን መከላከያ ፈሳሽ አስገብተን ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ እንከተዋለን፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው፣ ፍጥነቱ ክሪስታል ለመስራት ጊዜ ስለማይሰጠው እንደ መስታወት ሆኖ ይጠነክራል። የአሜሪካ የስነ ተዋልዶ ህክምና ማህበር በ2012 ነው እንቁላል ማቀዝቀዝ ከእንግዲህ የሙከራ ህክምና አደለም ያለው። እዛ ቅዝቃዜ ውስጥ እንቁላሉ አያረጅም፣ አስር አመት ቢቆይም የ33 አመት እንቁላል ነው።

ግን እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ይቀንሳል። ከሚወጡት ውስጥ የበሰሉት በግምት ሶስት አራተኛው ወይ ትንሽ በለጥ ያለው ነው፣ ሲቀልጡ ከአስሩ ስምንት ዘጠኙ ይተርፋሉ፣ ከነሱ ውስጥ ሚዳቀሉት ወደ 70 በመቶ ናቸው፣ ከተዳቀሉት ውስጥ ደሞ አምስተኛ ስድስተኛ ቀን ድረስ አድገው ለማህፀን ሚደርሱት ከግማሽ ብዙም አይበልጡም አንዳንዴም ያንሳሉ። ከዛም ውስጥ የክሮሞዞም ጉድለት ያለባቸው አሉ፣ እሱ ከእድሜ ጋር ነው ሚጨምረው፣ ሁሉ ነገር ከእድሜ ጋር ሚያያዘው ለዛ ነው። በ2017 በወጣ አንድ ስሌት ቢያንስ አንድ ልጅ ለመውለድ 75 በመቶ እድል እንዲኖራት በ34 አመቷ ፍሪዝ ያደረገች ሴት 10 እንቁላል፣ በ37 ያደረገች 20፣ በ42 ያደረገች ደሞ 61 እንቁላል ያስፈልጋታል ይላል። ስሌት ነው፣ ያንቺን አይወስንም፣ ግን ስንት ይበቃኛል ለሚለው ጥያቄ ሚዛን ይሰጥሻል። ለዚህ ነው ማንም ሰው እርግጥ ነው ካለሽ አትመኚው ምልሽ፣ እድልሽን ነው ምታሰፊው።


የሊያ_እናት፦

እኔ ያስቀመጥኩትን ተመልሼ የተጠቀምኩ ነኝ፣ አብዛኞቹ አስቀማጮች አይመለሱም፣ ወይ በተፈጥሮ ይወልዳሉ ወይ ሀሳባቸውን ይቀይራሉ፣ ስለዚህ የዚህኛውን ጫፍ ታሪክ ብዙ አትሰሙም።

በ36 አመቴ 12 እንቁላል አስቀመጥኩ፣ በ40 አገባሁና ትንሽ በራሳችን ሞክረን አልሆን ሲል እንቁላሎቹን ከተቀመጡበት አስወጥተን አስቀለጥን። 10 ተረፉ። ስፐርሙን አንድ በአንድ በመርፌ እንቁላሉ ውስጥ ነው ሚያስገቡት ምክንያቱም ፍሪዝ ከመደረጉ በፊት ዙሪያውን ያሉት ሴሎች ስለሚነሱና ሽፋኑም ሊጠነክር ስለሚችል እንዲሁ አይተውትም። 7 ተዳቀሉ፣ በአምስተኛው ቀን 3 ቀሩ። በየቀኑ ጠዋት ስልኩ ሲጠራ እኔና ባሌ ተያይዘን ነበር ምናነሳው። የመጀመሪያው ማህፀን ውስጥ ገብቶ አልያዘም፣ ያን ቀን ምን እንደሆንኩ ለመናገር ይከብደኛል፣ ሁለተኛው ሊያ ናት።

ማለዳ ምልሽ ነገር ቢኖር እንቁላል አለኝ ብለሽ አትዘናጊ። እኔ ጋ ካለ በቃ ጊዜ አለኝ ማለት ነው ብለው ተስማሚ ሰው እያለ እንኳ ሚያዘገዩ አሉ፣ የእንቁላሉ እድሜ ይቁም እንጂ ምትሸከመው አንቺ ነሽ፣ ከ40 በኋላ እርግዝና ላይ ደም ግፊቱም ስኳሩም ይበዛል፣ እኔ መጨረሻዎቹን ሳምንታት በደም ግፊት ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። ልጄን ሳቅፍ ግን በ36 አመቴ ያን መርፌ የወጋሁበትን ቀን አመሰግናለሁ።


ተስፋ_አለ፦

እኔ ያስቀመጥኩት የጡት ካንሰር ተገኝቶብኝ ኬሞ ከመጀመሬ በፊት ነው። እዚህ ጋ ሚያነብ እንደኔ አይነት ሰው ካለ ብዬ ነው። ኬሞ ኦቫሪን ሊጎዳ ይችላል፣ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ነው መጠየቅ ያለበት፣ የካንሰር ሀኪማችሁ ካላነሳው እናንተ አንሱት። ፔሬድ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ዑደቱ የትም ቢሆን ጀምረው በሁለት ሳምንት አካባቢ ይጨርሳሉ፣ ካንሰሩ ከሆርሞን ጋር ሚያያዝ ከሆነ ደሞ ሌትሮዞል ሚባል ክኒን አብረው ይሰጣሉ ኢስትሮጂን ሚባለው ሆርሞን ከፍ እንዳይል። ሁለቱ ሀኪሞች እርስ በርስ እንዲነጋገሩ አድርጉ። እኔ ያንን ሁለት ሳምንት ያለፍኩት ስለ ነገ ሚያስብልኝ ሰው እንዳለ ስለተሰማኝ ነው።


ጥያቄ_አለኝ፦

ይቅርታ ማለዳ በጥያቄሽ ላይ ልደርብ። እኔ ፒሲኦኤስ፣ ኦቫሪ ላይ ትንንሽ ፎሊክሎች ሚበዙበት የሆርሞን ችግር አለብኝ፣ ወንድ ደሞ አላውቅም፣ ድንግል ነኝ። አልትራሳውንዱ በብልት በኩል ነው ሲሉ ሰማሁና ሀፍረት ይዞኝ ክሊኒክ መሄድ አቃተኝ። ለኔ አይነት ሰው ይሆናል?


ላብራቶሪ_ነኝ፦

ሚያሳፍር ነገር የለውም እህቴ፣ እኛ ጋ ሚመጡት ውስጥ እንዳንቺ ያሉ አሉ። ገና የመጀመሪያው ቀን ለሀኪሙ ንገሪው። ክትትሉን በሆድ በኩል በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል፣ ምስሉ ትንሽ ደከም ይላል እንጂ። እንቁላሉን ማውጣቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በብልት በኩል ነው፣ ማደንዘዣ ስለሚሰጥሽ ህመሙ አይሰማሽም ነገር ግን የድንግልና ሽፋኑ ሊነካ ስለሚችል አውቀሽው ነው መግባት ያለብሽ።

ፒሲኦኤሱ ላይ ግን ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። እንዳንቺ አይነት ሴት ብዙ ፎሊክል አላት፣ ስለዚህ ኦቫሪዋ ለመርፌው ከመጠን በላይ ምላሽ ሊሰጥ ይችላል፣ ኦኤችኤስኤስ ይሉታል፣ ፈሳሽ ከደም ስር እየወጣ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ቀለል ያለው በብዙ ሴቶች ላይ ይታያል በራሱም ይጠፋል፣ ከባዱ ጥቂት ሰው ላይ ነው ግን ሆስፒታል ያስተኛል። መከላከያ አለው፣ መጠኑን ዝቅ አድርገው ይጀምራሉ፣ ትሪገሩንም ኤችሲጂ ከሆነው ይልቅ አጎኒስት ሚባለውን ይመርጣሉ፣ አንቺ እንቁላል ብቻ ስለሆነ ምታስቀምጪው ወዲያው ማህፀን ውስጥ ሚገባ ነገር ስለሌለ ይሄ በጣም ይቀላል። የትኛውን ትሪገር እንደሚሰጡሽ ጠይቂ። ካወጡልሽ በኋላ ደሞ በየጠዋቱ ተመዘኚ፣ በአንድ ቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ከጨመርሽ፣ ሽንትሽ ከቀነሰ፣ መተንፈስ ከከበደሽ ወይ ማስመለሱ አላቆም ካለ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። ትኩሳትና ብዙ ደምም እንደዛው።


ማለዳ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ሶስናዬ ሁለተኛው ስልክ ያልሽውን ወረቀት ላይ ጻፍኩት። የሊያ እናት ያንቺን ሳነብ አለቀስኩ። ክኒኑን ለዶክተሩ አልነገርኩትም ነበር፣ ሚያስፈልግ አልመሰለኝም፣ ነገ እደውላለሁ። ሌላ ቀጠሮ ላይ ምን ምን ልጠይቅ? ያኔ እንደ መጀመሪያው አፌ ተሳስሮ እንዳልወጣ።


ሶስና_ቲ፦

አንደኛ፣ እነሱ ራሳቸው አቅልጠው ስንት ልጅ እንደተወለደ ጠይቂ፣ ስንት ሰው ፍሪዝ አደረግን ሚለው አደለም ሚጠቅምሽ፣ ማስቀመጥ ሚችል ሁሉ ማቅለጥ ላይ ልምድ አለው ማለት አደለም። ሚነግሩሽ ቁጥር ደሞ ባንቺ እድሜ ላሉት ይሁን፣ የ28 እና የ40 አመት ሴት ተደምሮ የወጣ አማካይ ላንቺ ምንም አይነግርሽም። መድሀኒቱ በዋጋው ውስጥ አለ የለም፣ ብዙ ክሊኒክ ላይ ለብቻ ነው ሚከፈለው፣ የየአመቱ ማስቀመጫ ክፍያ፣ በኋላ ለማቅለጥና ለማዳቀል ሚከፈለው፣ ሁሉንም አንድ ላይ በጽሁፍ ተቀበዪ። ፎሊክሎቹ ጥቂት ከሆኑና ሂደቱ መሀል ላይ ከተቋረጠ ምን ያህል ይመለስልኛል በይ፣ ይሄ ይደርሳል።


ላብራቶሪ_ነኝ፦

እኔ ደሞ የስምምነት ወረቀቱን ቤት ወስደሽ አንብቢው እላለሁ፣ ብዙ ሰው ተራ እየጠበቀ ነው ሚፈርመው። እዛ ላይ ብትሞቺ ወይ ሀሳብሽን ብትቀይሪ እንቁላሎቹ ምን ይሁኑ ሚል አለ፣ እስከ መቼ እንደሚቀመጥና ወደ ሌላ ክሊኒክ ማዘዋወር እንደሚቻልም ይጻፋል። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስና ቂጥኝ ቀድሞ ይመረመራል፣ ተጠርጥረሽ አደለም ታንክ ውስጥ ከሌሎች ጋር ስለሚቀመጥ ነው። ሲጨርሱ ስንት እንደወጣ ስንት እንደበሰለ ስንት እንደተቀመጠ ሚገልጽ ሪፖርት ውሰጂና ኮፒውን እቤትሽ አስቀምጪ። ስልክ ቁጥርሽን በቀየርሽ ቁጥር አሳውቂያቸው፣ እኛ ጋ ማስታወሻ እየላክን ባለቤቶቹን ማናገኛቸው እንቁላሎች አሉ።